የኮምፒውተሩ ሮዳጅ

ሰኞ

ሳቋን የሰማሁት ገና ደረጃውን ስወርድ ነው። የማን ሳቅ እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም። ከአገር ቤት ከመጣሁ ጀምሮ ከባሌ ከዮናስ ሄድሴት፣ ከጆሮ ማዳመጫው ውስጥ፣ ሲንጫጫ የምሰማው ሳቅ ነው። ዛሬ ግን ባለሳቋም አብራ መጥታለች። በምግብ ጠረጴዛዬ ዙሪያ፣ ከባሌ ጎን፣ እጅጌዋን ሰብስባ።

የጠረጴዛ ልብሴ ተነስቶ ሶፋው ላይ ተጥሏል። ጠረጴዛው ላይ፦ ካርቶን፣ ስፖንጅ፣ ላስቲክ፣ ሽቦ፣ ሌላ ሽቦ፣ በቡና ሲኒዬ ውስጥ ብሎን። በሲኒዬ!

«ቲጂ! መጣሽ!» አለችኝ። ማህሌት ትባላለች፤ ዮናስ «ማሂ» ነው የሚላት። እኔን «ትዕግሥት» ይለኛል፣ ሙሉውን፣ እንደ ስም ጠሪ መምህር። ማሂ በልጅነቷ ከቤተሰቧ ጋር በስደት የመጣች፣ እዚሁ ኮሎምበስ ያደገች ልጅ ናት። ሪከንባከር በሚባል የመጋዘን ሰፈር፣ ዮናስ የሚሠራበት ዌርሃውስ ውስጥ፣ ስካነር ትጠግናለች፤ ከሥራ በኋላ ደግሞ ከእሱና ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር በኢንተርኔት ጌም ትጫወታለች። ቆንጆ ናት። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አሮጌውን የሚተካውን አዲስ ኮምፒውተር ተገጥሞ ያለቀ ገዝቶ አይደለም ያመጣው፤ እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ አዞ፣ እሷ መርጣለት፣ ሁለቱ ገጣጠሙት። የመጨረሻውን ሽቦ ሲሰኩ ትንፋሻቸውን ያዙ። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ቦግ አለ። ተያይተው ጮኹና እጅ ለእጅ ተማቱ። እኔ የምሳ ዕቃዬን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ።

«አሁን ሙሉ በሙሉ ግፋው» አለችው። «የመጨረሻው ሴቲንግ ላይ አድርገው።»

እኔም ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ሮዳጅስ?» አልኩ።

ዞሩ።

«አዲስ አይደል እንዴ? ሮዳጅ ሳይጨርስ እንዴት ይገፋል?»

አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው። አዲስ ሞተር ብረቱ ከብረቱ ጋር እስኪላመድ ድረስ አይሮጥም፣ ጭነት አይበዛበትም። ሮዳጅ ማለት ያ ነው። አባዬ አዲሱን መኪና የያዘ ጊዜ «ሮዳጅ ላይ ነኝ» ብሎ በካርቶን ጽፎ ከኋላ ለጥፎ ነበር። ከኋላው የመኪና ሰልፍ፣ ጡሩምባ፣ ስድብ። አባዬ ወይ ፍንክች።

«ሮዳ… ምን?» አለች ማሂ። ዮናስ በእንግሊዝኛ ነገራት። ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ፣ ቲጂ! መኪና እኮ አይደለም! ምንም የሚፋጭ ነገር የለውም።»

ፊቴ ጋለ። ዮናስን አየሁት። እሱ ደግሞ እሷን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ በመጨረሻ እኔን።

«እሺ» አለ። «ለአንድ ሳምንት ቀስ ብለን እንያዘው። ምን ይጎዳል?»

አምላኬ ሆይ፣ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማሂ ትከሻዋን ሰበቀች። ጃኬቷን ለብሳ ስትሄድ በሩ ድረስ ሸኘኋት፤ ሰው ሲያሸንፍ ጨዋ መሆን ቀላል ነው።


ማክሰኞ

እርግጠኛ መሆን ፈለግሁ። ኦቤትስ በሚባል ሰፈር፣ እኔ ካርቶን የማሽግበት ዌርሃውስ ውስጥ፣ በምሳ እረፍት ላይ ለአባዬ ደወልኩ።

«ኮምፒውተር ሮዳጅ አለው?»

«ሞተር አለው?»

«ፋን ነው ያለው፣ ማራገቢያ።»

«ይዞራል?»

«ይዞራል።»

«የሚዞር ነገር ሁሉ ሮዳጅ ይፈልጋል፤ አለቀ።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ባልሽስ?» አለኝ።

«ምን?»

«እሱስ አይዞርም አይደል?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምሳዬን ሳልጨርስ ከደንኩት።

ዮናስ ቃሉን ጠብቋል። አንድ ሰዓት ብቻ፣ ያውም ቀላሏን ጌም፤ ከዚያ አጠፋውና መጣ። ማታ ማታ ጀርባውን እያየሁ እራት እበላ የነበርኩ ሴትዮ ዛሬ ፊቱን እያየሁ በላሁ። ከእራት በኋላ ውጪ ወጥተን በሰፈሩ ዞርን። ሰፈራችን ፎረስት ፓርክ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አሁንም ብቻዬን ስወጣ የትኛው የእኛ እንደሆነ ይጠፋኛል። ስነግረው ሳቀና የራሱን ነገረኝ። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ያከራየችንን እትዬ አልማዝን ላስደስት ብሎ በጠዋት ተነስቶ በረዶውን ሙልጭ አድርጎ ጠረገ፤ ሲጨርስ በር ከፍቶ የወጣው አንድ የማያውቀው ሽማግሌ ነው። የጎረቤት ቤት ኖሯል! ሰውየው እጁን ጨብጦ አመስግኖ ገባ፤ እትዬ አልማዝ ደግሞ መኪናዋ ከበረዶ ሳይወጣ ዋለ።

ከተጋባን ይኸው ዓመት አለፈን። ይህን ታሪክ ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ሮዳጅ ይባረክ።

አንድ ነገር ግን አለ። ኮምፒውተሩን ሊያጠፋ ሲል ሄድሴቱ ላይ ያለውን ሰምቻለሁ። «ሰምበዲ ኢዝ ሂር፣ ጋይዝ፤ አይ ጋታ ጎ።» እንግሊዝኛዬ ብዙ አይደለም፣ ይቺ ግን አታመልጠኝም። ሰው አለ እዚህ፣ ልሂድ ማለቱ ነው።

ሰው! ሰው ሆንኩለት። እንደ ውኃ ቆጣሪ አንባቢ።

«ማይ ዋይፍ»፣ ሚስቴ፣ ማለት ምን ያቅተዋል? ሁለት ቃል ነው። እኔ እንኳ እችለዋለሁ። ከመጣሁ ጀምሮ ጆሮዬን ተክዬ እጠብቃለሁ። ለእነዚያ ልጆች አንድም ቀን ሲላት አልሰማሁም። ወይስ ማሂ እንዳትሰማው ይሆን?


ረቡዕ

ዮናስ ዛሬ ኦፍ ነው፤ እኔ ሥራ። የሚያደርሰኝ የእትዬ አልማዝ መኪና ነው። ቤቱ የእሷና የባሏ የጋሼ በላይ ነው፤ እኛ ቤዝመንቱን ተከራይተን እንኖራለን፤ እሷም እኔ የምሠራበት ዌርሃውስ ከቆየች ብዙ ዘመኗ ነው።

በመንገድ ላይ ስለ ሮዳጁ ነገርኳት። ስለ ማሂም። ስለ ማሂ ብዙ ነገርኳት መሰለኝ።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» አለች መሪዋን እንደያዘች። «የቤቱን ዕቃ አንቺ ነሽ የምታውቂው። እሷን ምን አገባት?» ቀጥላ ደግሞ፣ «ግን ልጄ፣ ወንድ ልጅ ከቤት ወጥቶ ከሚጫወት እቤት ተቀምጦ ቢጫወት አይሻልም? የእኔው በላይ ወጣት ሆኖ ከረምቡላ ቤት ነበር የማወጣው።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከረምቡላ ቤት ገብቶ ማውጣትስ ይቻላል። ከጆሮው ውስጥ እንዴት ይወጣል?

ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ በፎጣ ተሸፍኖ። ዮናስ የምስር ወጥ ሊሠራ ሽንኩርት ከትፎ ጠበቀኝ። ራሱ ከትፎ! «ምን ስታደርግ ዋልክ?» አልኩት። «ምንም፣ ዝም ብዬ» አለ።

ኩሽና ስገባ ሁለት ብርጭቆ ታጥቦ ተደፍቷል።

ዮናስ ብርጭቆ አያጥብም። በአንዱ ጠጥቶ ሲንክ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ደግሞ ለምን ሁለት? ጋሼ በላይ ወርደው ይሆናል አልኩ። አንዳንዴ ፉትቦል ሊያዩ ይወርዳሉ። አዎ፣ እሳቸው ናቸው።

ሽንኩርቱ ደግሞ በጣም ወፍራም ነው የተከተፈው።


ሐሙስ

ማሂ መጣች። ዮናስ ኦቨርታይም ነበረው፣ ገና አልገባም።

«ስክሩድራይቨሬን ረስቼ ነው» አለች በሩ ላይ ቆማ።

«ካቻቢቴው ነው?» አልኳት።

«ምን አልሽ? እንደገና በይው!»

«ካቻቢቴ።»

ስልኳን አውጥታ ጻፈችው። በእውነት። የማታውቃቸውን ቃላት የምታስቀምጥበት ቦታ አላት፤ አሳየችኝ። «ሮዳጅ» ከላይ ተጽፏል። ከሥሩ «ካቻቢቴ» ገባ። እናቷ እንኳ አማርኛዋን ሰምታ ትስቃለች አለችኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁባትም፣ ስለዚህ እኔ ጋ ስትሆን አትፈራም። እኔ ያልሳቅሁት ከሷ ጋር መሳቅ ስላልፈለግሁ ነው። ያንን አልነገርኳትም።

ሻይ አቀረብኩ። ምን ላድርግ፣ እንግዳ ናት። «ሶሪ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ሲኒውም» አለች። ሲኒውን አስተውላለች! እኔ እኮ ምንም አላልኩም ነበር። ትንሽ ልቤ ራራ። ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፤ ራርቶ ማን ይዋል።

ልትወጣ ስትል «ሮዳጁ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ» አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ። ሳቅ ነው የነከሰችው ወይስ ሌላ ነገር? ይህን ከንፈር ሲያስበው ያመሸ ጭንቅላቴ አሁንም አላረፈም።

ማታ የዮናስ አንድ ሰዓት ሲደርስ፣ ሄድሴቱ ሳይሰካ ቀርቶ ድምፁ በስፒከሩ ወጣ። አንዱ ፈረንጅ «ሮዳጅ! ሮዳጅ!» እያለ ይጮኻል። ሌላው ይስቃል። የማሂ ሳቅም አለበት። ዮናስ ደንግጦ ሰካው።

ቃሌን ሸጠችው። የአባቴን ቃል። ከካርቶኑ ላይ ገንጥላ ለማታውቃቸው ሰዎች ወረወረችው። ሰው በጉንጉን ወርቅ ይቀናል፣ በመኪና ይቀናል፤ እኔ በቃል ቀናሁ።


ዓርብ

ከሥራ ስንገባ ጋሼ በላይ ደጅ ላይ ቅጠል በማሽን ይነፋሉ። እኛን ሲያዩ አጠፉት።

«ቲጂ፣ እስቲ ንገሪኝ» አሉኝ። «ረቡዕ ዕለት ያ ከታች ሲያጓራ የነበረው ምንድን ነው? እኔ እኮ ፈርነሱ፣ የቤቱ ማሞቂያ፣ ሊፈነዳ ነው ብዬ በሩጫ ወረድኩ።»

«ረቡዕ?»

«ረቡዕ ቀን። ብወርድ ዮናስና ያቺ ልጅ፣ ማናት ስሟ፣ ስካነር ጠጋኟ፣ ሳጥኑ ፊት ተቀምጠው ቁጥር ያያሉ። አይሮፕላን አስነሳችሁ እንዴ አልኳቸው! የሆነ ቴስት ነው አሉኝ። ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ተመልሼ ወጣሁ።»

እትዬ አልማዝ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «በላይ፣ ቅጠልህን ንፋ።»

እሳቸውም ሆነ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ምን እንዳሉ አልሰማሁም።

ስለዚህ፦

ብርጭቆዎቹ የማን እንደሆኑ ታወቀ።

ረቡዕ ለካ እሷም ኦፍ ነበረች። ይህን አላውቅም ነበር።

ሮዳጅ የሚባል ነገር የለም። ማክሰኞ ቀስ ብለው ይዘውት፣ ረቡዕ እኔ ካርቶን ሳሽግ እስኪያጓራ ነድተውታል። ከዚያ ፎጣ አልብሰው፣ ብርጭቆ አጥበው፣ ሽንኩርት ከትፈው ጠበቁኝ።

ሐሙስ ደግሞ ቤቴ መጥታ፣ ሻዬን ጠጥታ፣ «ሮዳጁ እንዴት ነው?» አለችኝ። እያወቀች። ለካ የነከሰችው ሳቅ ነው።

ሁለቱም እያወቁ እኔን ያባብሉኛል። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ኮምፒውተሩን ወስዳ ቢሆን አይቆጨኝም። ባሌ ፊት የተናገርኳትን አንዲት ቃል፣ የተሰማችልኝን አንዲት ቃል፣ ያቺንም አብረው አላገጡባት። ሕፃን ልጅ «ጨረቃን አመጣለሁ» ሲል «እሺ አምጣ» ይባል የለም? እንደዚያ።

ሽሮው አረረብኝ። ዮናስ ዝም ብሎ በላው። አንድ ሰዓቱን እንኳ አልተጫወተም፤ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ በየመሃሉ ያየኛል።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«የሆነ ነገርማ ሆነሻል።»

«ምንም አልሆንኩም አልኩህ እኮ።»

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስም ብቻ።


ቅዳሜ

የተናገርኩት መኪና ውስጥ ነው። ገበያ ሄደን፣ ዕቃውን ከኋላ ጭነን፣ እሱ ሞተር ሊያስነሳ ሲል። ዝናብ ይዘንባል። መኪና ውስጥ ሰው ተነስቶ መሄድ ስለማይችል ጥሩ ቦታ ነው።

«ረቡዕ ማሂ ቤታችን ምን ትሠራ ነበር?»

ቁልፉን እንደያዘ ቀረ። አላስመሰለም፤ ይህን ልመስክርለት። «ማን ነገረሽ?» እንኳ አላለም።

«ኮምፒውተሩን ስትረስ ቴስት ልናደርግ ነው የመጣችው» አለ። «ሰኞ ልነግርሽ ነበር። አልቻልኩም።»

ከዚያ አስረዳኝ። አዲስ ኮምፒውተር የሚበላሽ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። ሱቁ ደግሞ ዕቃውን መልሶ የሚቀበለው እስከተወሰነ ቀን ድረስ ነው። ስለዚህ ቶሎ እስኪያቃስት ድረስ ነድተህ ታየዋለህ፤ ሙቀቱን ትለካለህ፤ ቢሞት ሱቁ የሚቀበልበት ቀን ሳያልፍ ይሙት። የአባዬ ሮዳጅ ተገልብጦ ማለት ነው።

«ጤነኛ ነው ወይ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁ እኔም አላውቅም።

«ጤነኛ ነው።»

«ጎሽ። እና ተባብላችሁ ደበቃችሁኝ። እሷ ናት አትንገራት ያለችህ?»

«ማሂ? ኖ፣ እንዲያውም ንገራት ብላኝ ነበር። ትናንት ማታም ቴክስት አደረገችልኝ፤ ሐሙስ ሻይ ስጠጣ በጣም አፈርኩ፣ ዛሬውኑ ንገራት አለችኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ይኸውላችሁ! ጨዋም ሆነችብኝ። ልጠላት ያዘጋጀሁትን ነገር ሁሉ ከእጄ ቀማችኝ። ያቺ የነከሰቻት ከንፈርም እፍረት ኖራለች። ሰው እንዴት በሚጠላት ሴት ጨዋነት ይቀናል? ይቀናል። እኔ ቀንቻለሁ።

«ታዲያ አንተ ምን ሆነህ ነው?» ጮህኩ መሰለኝ፤ በአጠገባችን ጋሪ የምትገፋ ሴትዮ ዞር ብላ አየችን። «ጤነኛ ከሆነ፣ ሮዳጅ የለውም ካላችሁ፣ ለምን በየቀኑ አንድ ሰዓት ብቻ ትጫወታለህ? ለምን አጥፍተህ ትመጣለህ? ልታባብለኝ?»

ቁልፉን እጁ ላይ አገላበጠው።

«እኔ አምስት ዓመት ብቻዬን ስኖር» አለ፣ «ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ሄድሴቱን ነበር። ጌሙን ወድጄው አይደለም ሁልጊዜ። ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው እንዲኖር ነው። አንቺ ከመጣሽ በኋላም እጄ ለምዶ እሱን ነው የሚያነሳው። ሰኞ ሮዳጅ ስትይ… ለልጆቹ የምላቸው አገኘሁ። በቃ፣ ሮዳጅ ላይ ነው፣ ቀስ በሉ አልኳቸው። ማክሰኞ ዞረን ስንመለስ ደስ አለኝ። የለውም ብልሽ ኖሮ ረቡዕ ከጨዋታው ምን ብዬ ልነሳ?»

«ሚስቴ ጠበቀችኝ ብለህ!»

በእጅጌው የመስኮቱን ጉም ይጠርግ ጀመር።

«ሰምበዲ ኢዝ ሂር! ሰው አለ ትላቸዋለህ! ሰው ነኝ እኔ?»

ፊቱ ቀላ። አላወቀውም። እምልላችኋለሁ፣ እንደዚያ እንደሚል እንኳ አላወቀውም።

«አፌ አለመደውም» አለ። «በአማርኛ ስለው ደህና ነኝ። በእንግሊዝኛ ግን… ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለኛል። አፌም ሮዳጅ ላይ ነው መሰለኝ።»

አልሳቅሁም። ቤት ገብተን ዕቃውን ስደረድር፣ ፍሪጁ ውስጥ ጭንቅላቴን ከትቼ፣ እዚያ ሳቅሁ።

ትንሽ ቆይቶ መጥቶ ኩሽናው በር ላይ ቆመ። «እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር አለ» አለኝ። ዋናው የኮምፒውተሩ ጭንቅላትና ማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባ ነጭ ቅባት አለ፤ እሱ በደንብ ተደላድሎ እስኪረጋ ጥቂት ቀን ይፈልጋል የሚሉ አሉ።

«ስለዚህ ሮዳጅ አለው!»

«እሱ ብቻ። ትንሽ።»

«አለው ወይስ የለውም?»

«…አለው።»

«ለማሂ ንገራት።»

ስልኩን አውጥቶ እዚያው ቆሞ ጻፈላት። መልሷ ወዲያው መጣ፤ የሚስቅ ፊት፣ ከሥሩ በአማርኛ ፊደል «ቲጂ አሸነፈች»። «አሸነፈች»ን በትክክል ነው የጻፈችው። ማን አስተማራት?


እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዮናስ ወንበሩን ሳበልኝ። የእሱን ወንበር፣ ኮምፒውተሩ ፊት ያለውን።

«ምን ላድርግ?»

«ተቀመጪ።»

ፎጣውን አነሳ። ስክሪኑ ላይ መንገድ፣ ዛፍ፣ ሰማይ። የከባድ መኪና መሪ። መኪና መንጃ ጌም ነው፤ ጭነት ይጫናል፣ ከከተማ ከተማ ይኬዳል፣ ሌሎች ሰዎችም በየቤታቸው ሆነው አብረው በሰልፍ ይነዳሉ። ከማታ ጀምሮ ነው ያወረደው። ለእኔ።

መንጃ ፈቃድ የለኝም። ፈተናውን ወድቄያለሁ፤ ፈርቼ ነው። ግን የአባዬን እጅ መሪ ላይ እያየሁ ነው ያደግሁት። መጀመሪያ አንድ ምሰሶ ገጨሁ። ሁለተኛም ያንኑ ምሰሶ ገጨሁ። በሦስተኛው አስፋልቱ ላይ ወጣሁ።

«ስም ጻፊ» አለኝ። «ሌሎቹ የሚያዩት ስም።»

አላሰብኩም። በእንግሊዝኛ ፊደል «ሮዳጅ» ብዬ ጻፍኩ። ዮናስ ከኋላዬ ሲስቅ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ።

ከዚያ ሄድሴቱን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ሞቃት ነው፣ ከባድ ነው፣ የእሱ ጠጉር ይሸታል። ለካ ከዚህ ውስጥ ሲሰሙት ሌላ ነው። ሰዎቹ ሩቅ አይደሉም፤ ጆሮህ ውስጥ ነው የሚተነፍሱት። ለምን አምስት ዓመት ሙሉ እንዳላወለቀው ገባኝ። ገብቶኝም ቀናሁ።

ፈረንጁ ልጅ የሆነ ነገር ጠየቀ። ከጥያቄው ውስጥ «ሮዳጅ» የምትለዋን ብቻ ለየሁ። ማን ነው ማለቱ ነው። ማሂ ልትመልስለት ስትጀምር ሰማኋት፤ «ኦ፣ ዛትስ…» አለችና ተወችው።

እሷ እንኳ ተወችው። ቦታውን ለቀቀች።

ዮናስ ጎንበስ ብሎ አፌ አጠገብ ያለችውን ማይክ ወደራሱ ሳብ አደረጋት። ጉንጩ ጉንጬን ነካኝ። ጉሮሮውን ጠረገ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠረገ።

«ዛትስ ማይ ዋይፍ» አለ።

ልጆቹ ተንጫጩ። ዋይፍ! ዋይፍ! አንዱ አጨበጨበ። እኔ መንገዱን እያየሁ ነው፤ ስለማለቅስ አይደለም፣ መታጠፊያ አለ። እሺ፣ ትንሽ አለቀስኩ፤ መታጠፊያውም አለ።

«ሃይ ቲጂ» አለችኝ ማሂ፣ በቀስታ። «እንኳን ደህና መጣሽ።»

«እንኳን ደህና ቆያችሁኝ» አልኳት። ቆይቶ ሲገባኝ ያልኩት የክፉም የደግም አልነበረም። አፌ ብቻውን የተናገረው ሰላምታ ነው። እንግዲህ ከዚያ ይጀመራል።

ዮናስ ሽንኩርት ሊከትፍ ኩሽና ገባ። እያየሁት ነው፣ አሁንም ወፍራም ነው የሚከትፈው። እኔ ጭነቴን ይዤ በዝግታ እሄዳለሁ። መኪናው አዲስ ነው፤ አዲስ ነገር አይሮጥም። ፈረንጆቹ ፊት ለፊት ርቀው ጠፉ። መንገዱ አንድ መስመር ብቻ ነው። በስፖኪዮው፣ በጎን መስታወቱ፣ ሳይ ከኋላዬ ያለው አንድ ቀይ መኪና ነው፣ የማሂ። መብራቷን ታበራለች፣ ታጠፋለች። ጡሩምባ ነፋች።

«ቲጂ፣ ልለፍ?» አለችኝ እየሳቀች።

«ሮዳጅ ላይ ነኝ» አልኳት።

አላሳለፍኳትም።